ሳይናገሩ ለመግባባት ስንት ሞተር ይበቃል?

እህቴ ጥያቄሽን ረጋ ብዬ ነው ያነበብኩት፣ ሌላውም አንባቢ እንዲገባው ባጭሩ ልድገመው። አዳማ ኤሌክትሮኒክስ እየተማርሽ ነው፣ የመመረቂያ ፕሮጀክትሽ ወታደሮች ትንፍሽ ሳይሉ መልእክት የሚለዋወጡበት የሚለበስ ነገር ነው። ያሰብሽው ሰደርያ ፊትና ኋላው 32 የንዝረት ሞተር አለው፣ አንገት ላይ የጡንቻ ሴንሰር ይለጠፋል፣ ወታደሩ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ በሆዱ ሲናገር ሴንሰሩ ያነበዋል፣ ከዛ በዋይፋይ ይሄድና ጓደኛው ጀርባ ላይ ፊደል በፊደል በንዝረት ይፃፋል። የጠየቅሽው ደግሞ 32 ሞተር ይበቃል ወይስ ይጨመር፣ ኢኤስፒ32 የሚባለው ትንሽ የመቆጣጠሪያ ቺፕ ይችለዋል ወይ ነው።

ኢኤስፒ32 ይችለዋል። የማይችለው የሰውየው ጀርባ ነው።

እኔ ብሆን ሞተር ከመቁጠሬ በፊት መልእክት እቆጥራለሁ። ወታደር በዝምታ ሲንቀሳቀስ ምን ይባባላል? ቁም፣ ዝቅ በል፣ ተከተለኝ፣ ተበተኑ፣ ተሰብሰቡ፣ በዚህ በኩል ሰው አለ፣ ገባኝ፣ አልገባኝም፣ ድረሱልኝ። ከዚህ ብዙም አይርቅም፣ ይሄንን ደግሞ ድሮም በእጅ ምልክት ሲባባሉት ነው የኖሩት፣ የእጅ ምልክት ባትሪ አይጨርስ አይበላሽ በዛ ላይ በነፃ ነው። ችግሩ ማየት ይፈልጋል። ሌሊት ከሆነ፣ ቁጥቋጦ መሀል ከገባሽ፣ ወይ አንቺ ከፊትሽ ያለውን እያየሽ መሪሽ ከኋላ ከሆነ ምልክቱ አይደርስሽም በቃ። ስለዚህ መሣሪያሽ የሚተካው ዓይንን ነው እንጂ ሬዲዮን አይደለም፣ ረጅም ወሬ ያለው ሰው ሬዲዮ አለለት። ይሄን ከተቀበልሽ ፕሮጀክቱ በጣም ይቀልሻል። ኤምአይቲ ውስጥ ሊኔት ጆንስ የሚባሉት ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር የሄዱበት መንገድም ይሄው ነው፣ የጦር ሠራዊት የእጅ ምልክቶችን ወስደው ክንድና ጀርባ ላይ ወደሚሰማ የንዝረት ቅርፅ ነው የቀየሯቸው።

ፊደል በፊደል የሚለውን ግን ተይው። እንዳይመስልሽ፣ ተሞክሯል። ፍራንክ ጌልዳርድ የሚባል የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳይኮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1957 ያሳተመው ቫይብራቲዝ የሚባል የቆዳ ቋንቋ አለ፣ ደረት ላይ 5 ነዛሪ፣ 3 የጉልበት ደረጃ፣ 3 የጊዜ ርዝመት፣ ሲባዛ 45 ምልክት፣ ለእንግሊዝኛ ፊደላት ለቁጥሮችና ለጥቂት አዘውታሪ ቃላት በቃ። ጎበዝ የሆነ ሰልጣኝ በደቂቃ 38 ቃል እስከ መቀበል ደርሷል፣ የሚገርም ነገር ነው፣ ግን ተቀምጦ፣ ረጅም ስልጠና ወስዶ፣ ሌላ ሀሳብ ሳይኖርበት። የኛ ፊደል 33 በ7 ሲመታ 231 ነው፣ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። ይሄን ሁሉ ደክሞት የሚያዘግም ልጅ ጀርባ ላይ ልትፅፊ ነው? ኧረ ተይው።

ሞተር ስለመጨመር። ጣት ጫፍ ላይ 2 እና 3 ሚሊሜትር የተራራቁ ሁለት ነጥቦችን ለይተሽ ታውቂያለሽ፣ ጀርባ ላይ ግን ወደ 4 ሴንቲሜትር ካልተራራቁ ሁለቱ አንድ ነጥብ ሆነው ነው የሚሰሙሽ። ንዝረት ሲሆን ደግሞ በቆዳው ላይ ስለሚሰራጭ ይብሳል። ሮጀር ቾሌዊያክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ወገብ ዙሪያ ሞተር አስረው የቱ ነው የነዘረህ እያሉ ጠየቁ፣ በ12 ሞተር ሰዎቹ የመለሱት ትክክል 74 በመቶ፣ በ8 ሞተር 92 በመቶ፣ በ6 ሞተር 97 በመቶ። አየሽ አይደል፣ ሞተር ሲጨመር መረጃ የጨመረ ይመስላል እንጂ ሰውየው እየተምታታበት ነው የሚሄደው። በተለይ እምብርትና አከርካሪ ላይ ያለውን ሰው አይስተውም፣ ጎንና ጎን ላይ ነው የሚምታታው። ሰደርያው ሌላም ጣጣ አለበት፣ ወታደር ከላይ ጥይት መከላከያ ይለብሳል፣ ብረቱ ወይ ሴራሚኩ ሞተሩን ይጫነዋል፣ ወይ ደግሞ ሲያጎነብስ ጨርቁ ከቆዳው ይርቅና ሞተሩ አየር ላይ ይነዝራል። ስለዚህ ሰደርያውን ትተሽ ከጥይት መከላከያው በታች፣ ከሱሪ ቀበቶው ከፍ ብሎ የሚታሰር የላስቲክ ቀበቶ አድርጊው፣ 8 ሞተር በየ45 ዲግሪው። ላስቲኩን ልብስ ሰፊ ጋ ሄደሽ አሰፊው፣ በሙጫ አትለጥፊው፣ በላብ ይለቃል።

8 ስልሽ ለጌጥ አይደለም። ቆዳ ያለ ምንም ትምህርት የሚያውቀው አንድ ነገር ቢኖር አቅጣጫ ነው፣ ግራ ጎንሽን ከነካሁሽ ወደ ግራ ትዞሪያለሽ፣ ማንም አላስተማረሽም። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሐኪም አንገስ ሩፐርት ለአብራሪዎች የነዛሪ ሰደርያ ያሰራው በዚሁ ምክንያት ነው፣ ደመና ውስጥ ገብቶ ላይና ታቹ የጠፋበት አብራሪ መሬት በየት በኩል እንዳለች ሰውነቱ ይንገረው ብሎ። ጀርመን ኦስናብሩክ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እነ ፒተር ኮኒግ ሁሌ ሰሜንን ብቻ የሚነዝር ቀበቶ ሰርተው ሰዎች ለ6 ሳምንት እንዲለብሱት አድርገዋል፣ ከሱ የመጣው ቀበቶ ዛሬ ለዓይነ ስውራን ይሸጣል። አማካሪሽ «ይሄ ለጦር ብቻ ነው ወይ» ካለሽ ይቺን አንሺበት።

ስለዚህ መልእክቱን ለሁለት ክፈይው፣ «የት» የሚለውን ቦታው ይናገር፣ «ምን» የሚለውን ምቱ ይናገር። ሁለት አጭር ምት ቁም፣ አንድ ረጅም ዝቅ በል፣ ከኋላ ወደ ፊት የሚሮጥ ንዝረት ተከተለኝ፣ ዙሪያውን የሚዞር ተሰብሰቡ ምናምን። የሚሮጥ ንዝረት ለመስራት ብዙ ሞተር አያስፈልግም፣ ጌልዳርድና ሼሪክ እ.ኤ.አ. በ1972 ያሳዩት አሪፍ የቆዳ ማታለያ አለ፣ አንጓ ላይ ጥቂት ቶሎ ቶሎ ምት ሰጥተሽ ወዲያው ክርን ጋ ብትደግሚ፣ ሞተር በሌለበት በመሀል ቦታም ጥንቸል እየዘለለች የሄደች ያህል ይሰማል። ወገብ ላይም ተጠቀሚበት።

አሁን ብዙ ሰው የሚረሳው ቦታ መጣን። «ሰው አለ፣ በግራ» ብለሽ ላክሽ። በማን ግራ? አንቺ ፊትሽን ወደ አሰላ መንገድ፣ ጓደኛሽ ፊቱን ወደ አዲስ አበባ መንገድ አዙሮ ቆማችኋል እንበል፣ ያንቺ ግራ ወደ ምሥራቅ ነው፣ የሱ ግራ ወደ ደቡብ ምዕራብ። ግራ የሚለውን እንዳለ ከላክሽው ልጁን አሳስተሽ ገደልሽው። መላክ ያለበት ግራና ቀኝ ሳይሆን ከሰሜን የተለካ ዲግሪ ነው። አንቺ ደረትሽን ወዳየሽው ነገር አዙረሽ ትጫኛለሽ፣ ኮምፓስሽ 100 ዲግሪ ይላል፣ 100 ቁጥር ብቻ ይላካል። የሱ ቀበቶ የራሱን ኮምፓስ ያያል፣ እሱ 310 ላይ ነው ያለው፣ 100 ሲቀነስ 310፣ ኔጌቲቭ 210፣ 360 ሲደመርበት 150፣ ለ45 ሲካፈል 3.3፣ ስለዚህ እምብርቱን 0 ብለሽ በቀኝ በኩል ስትቆጥሪ 3ኛው ሞተር ይነዝራል፣ ቀኝ ከኋላ ማለት ነው። ኮዱ ሶስት መስመር ነው፣ ማግኔቱ ግን ያስለቅስሻል። የንዝረት ሞተር ውስጥ ማግኔት አለ፣ ኮምፓስ ሴንሰሩን ቀበቶው ላይ ካደረግሽው የሚለካልሽ ሰሜንን ሳይሆን ሞተርሽን ነው። ባለበት የሚቀመጥ ማግኔት በካሊብሬሽን፣ ማለትም ሴንሰሩን ቀድሞ በማስተካከል ይወጣል፣ ጠመንጃ ግን ብረት ነው እሱም ባለበት አይቀመጥም፣ ትከሻ ላይ ሲሆንና እጅ ላይ ሲሆን ንባቡ ይለያያል። ራስ ቁር ላይ እንዳታደርጊው፣ አንገት ዞሮ ወገብ ሊቀር ይችላል። የሚሻለው ሁለቱ ትከሻ መሀል፣ ጀርባ ላይ ከፍ አድርጎ፣ ንባቡንም ሞተሮቹ ጠፍተው እያለ መውሰድ ነው።

ሌላም ገደብ አለው፣ ይሄ ስሌት የሚሰራው የተጠቆመው ነገር ራቅ ካለ ነው። ጎን ለጎን 20 ሜትር ተራርቃችሁ 30 ሜትር ፊት ለፊትሽ ያለውን ብትጠቁሚው ለጓደኛሽ ከ30 ዲግሪ በላይ ይሳሳታል፣ አንድ ሞተር ሊያዛልፍ ነው። ጂፒኤስ ጨምሬ አስተካክላለሁ ትይ ይሆናል፣ ለመመረቂያ አይመከርም፣ ገደቡን ሪፖርቱ ላይ ፃፊውና እለፊ።

ስለ ሞተሩ ራሱ። ሳንቲም የሚመስለው፣ ስልክ ውስጥ ያለው፣ 10 ሚሊሜትር የሚሆነው ርካሽ ነው ግን ለመነሳት ጊዜ ይፈልጋል፣ ከ50 ሚሊሰከንድ በታች ምት ከሰጠሽው ገና ሳይዞር ነው የምታጠፊው። ከ100 እስከ 200 ሚሊሰከንድ ያለው ምት ጥሩ ነው፣ ከዛ ከረዘመ ያሰለቻል። ቆዳ በጣም የሚነቃው ወደ 250 ኸርዝ አካባቢ ላለ ንዝረት ስለሆነ ሞተሩን በሙሉ ቮልቴጅ ንጂው፣ ጉልበቱን በመቀነስ መልእክት ለመለየት አትሞክሪ፣ ሰው ኃይለኛና ደካማን በእርግጠኝነት አይለይም፣ በተለይ ሲሮጥ። ኤልአርኤ የሚባለው፣ በመዞር ፈንታ ወዲያና ወዲህ የሚርገበገበው ዓይነት ቶሎ ይነሳል ቶሎ ይቆማል፣ ብር ካለሽ እሱን ግዢ፣ ግን ዲአርቪ2605 በሚባለው ቺፕ ልትነጂው ከሆነ የሁሉም ቺፕ አድራሻ አንድ ዓይነት ስለሆነ ስምንቱን በአንድ መስመር ላይ ማያያዝ አትችዪም፣ መሀል ላይ መስመሩን ለ8 የሚከፍል ቲሲኤ9548ኤ የሚባል ቺፕ ያስፈልግሻል።

ዝምታውንስ አስበሽዋል? ሞተር እኮ ድምፅ አለው። ቀን ላብራቶሪ ውስጥ አይሰማም፣ ሌሊት ፀጥ ባለበት፣ በተለይ ሞተሩን ጠንካራ ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ካስገባሽው ሳጥኑ ያጎላውና ዝንብ ጠርሙስ ውስጥ እንደገባች ይላል። በአንድ በኩል ቆዳውን ይንካ፣ በሌላው በኩል ለስላሳ ስፖንጅ ይኑረው፣ ከምንም ደረቅ ነገር ጋር አይገናኝ። ማታ ዶርም ሁሉም ሲተኛ ቀበቶውን ለጓደኛሽ አልብሺና 3 ሜትር ርቀሽ ዓይንሽን ጨፍነሽ አዳምጪ፣ ከሰማሽው ዝምተኛ አይደለም።

የአንገት ሴንሰሩ ላይ ደግሞ ልቅጭም አልልሽም፣ ሀሳቡ የሞኝ አይደለም። ናሳ ኤምስ ውስጥ ቻክ ጆርገንሰን እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ ያደረገው ሥራ አለ፣ አገጭ ስርና ጉሮሮ ጎንና ጎን ሴንሰር አድርገው ሰውየው ድምፅ ሳያወጣ የሚላቸውን 6 ቃላትና 10 አሃዞች በ92 በመቶ ለይተዋል። ኤምአይቲ ሚዲያ ላብ እ.ኤ.አ. በ2018 አልተርኢጎ ብሎ ያሳየው መሣሪያም ወደዚያው ቁጥር ነው የተጠጋው። ግን 92 በመቶ ምን ማለት እንደሆነ አስቢው፣ ከ12 ትእዛዝ አንዱ ስህተት ማለት ነው፣ እሱም ላብራቶሪ ውስጥ። የጡንቻ ምልክት ሚሊቮልት እንኳ የማይሞላ ነገር ነው፣ ኤሌክትሮዱ ትንሽ በተንሸራተተ ቁጥር ይቀየራል፣ የ50 ኸርዝ የመብራት ጫጫታ ይገባበታል፣ በአዳማ የሚያዝያ ሙቀት ደግሞ ላብ ጄሉን ይዞት ይወርዳል። ሰውየው ሲውጥ፣ ሲያዛጋ፣ አንገቱን ሲያዞር ጡንቻው ይሰራል። ክንድ ላይ የሚታሰረው ማዮ የሚባል 8 ሴንሰር ያለው አምባር ገበያ ላይ ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ2018 ተቋርጧል፣ ክንድ ከጉሮሮ በብዙ የቀለለ ሆኖ እያለ።

ስለዚህ ለመላኪያ ሁለት ቁልፍ። አዎ፣ ተራ ቁልፍ፣ ጓንቱ ላይ አመልካች ጣት ጎን፣ አውራ ጣት የሚደርስበት። አማካሪሽ «ይሄ ምኑ ነው ምርምር» ሊልሽ ይችላል፣ ምርምሩ ሳይሳሳት መላክ ላይ ነው በይው። መሬት ላይ ሲሳብ ቁልፉ በራሱ ይጫናል፣ ስለዚህ አንድ ጭነት ምንም አይላክ፣ መልእክቱ ሁልጊዜ የሁለቱ ቁልፎች ቅደም ተከተል ይሁን። ከመላኩ በፊት ላኪው ራሱ ቀበቶ ላይ ያው ንዝረት ቀለል ብሎ ይሰማው፣ ልክ ከሆነ ያፅድቅ። የደረሰውም ሰው ገባኝ ብሎ ይጫን፣ የእጅ ምልክት ላይ ራስ መነቅነቅ አለ አይደል፣ ይሄ ካልተመለሰ ላኪው መድረሱን በምን ያውቃል? ብዙ ፕሮጀክት ላይ ይሄ ነገር የለም፣ ዴሞ ላይ ሁለቱም ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ስለሚተያዩ።

ሬዲዮው ላይ ባጭሩ። ዋይፋይ አይሆንም፣ 2.4 ጊጋኸርዝ ሰውነት ይውጠዋል፣ ሰውየው አንቴናው ላይ ከተኛ አለቀ። የምትልኪው ጥቂት ባይት ስለሆነ ሎራ የሚባለው ጥቂት መረጃ ሩቅ የሚያደርስ ሬዲዮ ይሻላል፣ ግን ሩቅ ይድረስልኝ ብለሽ በጣም ቀርፋፋው ማስተካከያ ኤስኤፍ12 ላይ እንዳታደርጊው፣ በ125 ኪሎኸርዝ 10 ባይት ለመላክ አንድ ሰከንድ ገደማ አየር ላይ ይቆያል፣ በፈጣኑ ኤስኤፍ7 ከሆነ ወደ 40 ሚሊሰከንድ ነው። እዚህ ጋ ዝምታ ሁለት ዓይነት መሆኑን ልብ በይ፣ ለጆሮ ዝም ያለ መሣሪያ ሬዲዮ ለሚያዳምጥ ሰው ይጮኻል፣ አየር ላይ በቆየ ቁጥር ያለበትን ቦታ ለማግኘት ይቀላል። ስለዚህ «አለሁ አለሁ» እያለ በየሰከንዱ የሚልክ ኮድ አትፃፊ፣ ቁልፍ ሲነካ ብቻ ይላክ። ኢኤስፒ32 ኤኢኤስ የሚባል መልእክት መመስጠሪያ አለው፣ ተጠቀሚበት፣ ተራ ቁጥርም ጨምሪበት፣ አለዚያ ሰው የትናንቱን «ተሰብሰቡ» ቀድቶ ዛሬ መልሶ ይልክላቸዋል። ለፍሪኩዌንሲው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን የሚመለከት ነገር ስለሆነ በዲፓርትመንትሽ በኩል ቀድመሽ ጠይቂ።

ኃይሉ ላይ አንድ ነገር ብቻ፣ አብዛኛው ልጅ የሚጠፋበት ስለሆነ። አንድ ሳንቲም ሞተር ወደ 80 ሚሊአምፒር ይበላል፣ ሲነሳ ከዛም በላይ፣ የኢኤስፒ32 ፒን ጣሪያው 40 ነው። በቀጥታ አታገናኚው፣ ዩኤልኤን2803 የሚባል የሞተር መንጃ ቺፕ ግዢ፣ 8 መውጫ አለው ዳዮዱም ውስጡ ነው፣ ወደ አንድ ቮልት ቢበላም የ3.7 ቮልት ባትሪ ላይ ለ3 ቮልት ሞተር እንዲያውም ይመቻል። ስምንቱን በአንዴ ካስነሳሽ ቮልቴጁ ይወርድና ኢኤስፒው ራሱን ሪስታርት ያደርጋል፣ አንቺ ኮዱ ላይ ስህተት ስትፈልጊ ታድሪያለሽ። በ20 ሚሊሰከንድ እያዘገየሽ አንድ በአንድ አስነሺያቸው፣ ባትሪው አጠገብም ትልቅ ካፓሲተር አድርጊ።

ሙከራውን ወታደር ላይ ማድረግ የለብሽም፣ የክፍል ጓደኞችሽ ይበቃሉ። ተቀምጠው፣ በፍጥነት እየሄዱ፣ ከዛ ባጃጅ ላይ። ባጃጁን የምሬን ነው፣ ሰው ሲንቀሳቀስ ቆዳው ለንዝረት ይደነዝዛል፣ ኮብልስቶን ላይ የሚሄድ ባጃጅ ደግሞ የራሱን ንዝረት ስለሚጨምርበት ከመኪና ላይ ካለ ወታደር ሁኔታ ጋር በጣም ይቀራረባል፣ ዋጋውም የታክሲ ሂሳብ ነው። መልእክቱ ሲመጣ ደግሞ ከ100 ጀምሮ በ3 በ3 እየቀነሱ ጮክ ብለው ይቁጠሩ፣ ወታደር ቀበቶውን እየጠበቀ አይደለም የሚሄደው፣ ሀሳቡ ሌላ ቦታ ነው። የቱን መልእክት ከየቱ ጋር እንዳምታቱ በሰንጠረዥ አውጪው፣ ሁለት መልእክት ደጋግመው ከተምታቱ አንዱን ቀይሪው ወይ አውጪው። 8 መልእክት በደንብ ከሚያውቁ 6 ሳይሳሳቱ ቢያውቁ ይሻላል።

ሞተር ለመግዛት ካልቻልሽ ፖስታ ቤት አካባቢ ሞባይል ጥገና ቤቶች ጋ የሞቱ ስልኮች ክምር አለ፣ በትንሽ ብር ይሰጡሻል። ብቻ ስምንቱም ከአንድ ሞዴል ስልክ የወጡ ይሁኑ፣ የተቀላቀለ ከሆነ አንዱ ኃይለኛ አንዱ ደካማ ይሆንና ሰዎቹ የሚለዩት ቦታውን ሳይሆን ሞተሩን ነው፣ ውጤትሽ በሙሉ ይበላሻል። የሞተር መንጃውን ስኬማቲክ፣ ማለትም የሽቦ አገናኝ ንድፉን፣ ከመበየድሽ በፊት ላኪልኝ፣ አይቼ እመልስልሻለሁ።